ሦስት ጣት ጥለት፣ አንዲት ጠጠር

«ሦስት ጣት!» አለ አያ ቢያዝን፤ ሦስት ጣቱን ገጥሞ በሸማኔው አፍንጫ ሥር ዘረጋ። «ሁለት አይደለም። ሦስት!»

ሸማኔው ዳምጤ መወርወሪያውን ያዝ አደረገ። እግሩ ከጉድጓዱ አልወጣም።

«አያ ቢያዝን፣ ለኩታ ሁለት ጣት ጥለት ይበቃል። ለአያ ጓንጉልም የሠራሁለት ሁለት ጣት ነው።»

«እሱን መች ጠየቅሁህ?»

«አልጠየቁኝም። ግን ከገቡ ጀምሮ የሚያዩት የእሱን ኩታ ነው።»

እውነቱን ነው። የጓንጉል ኩታ አልቆ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጥለቱ ቀይ ነው። አያ ቢያዝን ዓይኑን ከዚያ ያነሣል፤ ዓይኑ ዞሮ ተመልሶ እዚያው ይሄዳል። ባየው ቁጥር አንጀቱ እርር ይላል።

የልጅ ልጁ ትርንጎ ከሦስት ሳምንት በኋላ ትዳራለች። ሙሽሮቹን የሚመርቁት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። በሴቷ ወገን ቢያዝን፣ በወንዱ ወገን ጓንጉል። ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አገር ያያል። ጓንጉል ባለ ጥለት ኩታ ለብሶ፣ ቢያዝን በነጭ በረዶ ኩታ? የማይሆን ነው። እኩል መሆንም አይበቃም። አንድ ጣት መብለጥ አለበት። የቢያዝን ሐሳብ ይኸው ነው፤ ሌላ ሐሳብ የለውም።

«እንግዲህ እሺ» አለ ዳምጤ። «ለአንድ ጣት ጥለት ሁለት ልቃቂት ቀይ ክር ይገባል። ክሩን ያምጡልኝ። ለድካሜ ምርቃትዎ ይበቃኛል።»

ቢያዝን ፊደል አልቆጠረም። ቁጥር ግን በእጁ ያውቃል። ከወገቡ የማትለይ የቆዳ ኮረጆ አለችው፤ ውስጧ የገበጣ ጠጠር ነው። ኮረጆዋን ፈታ። እጁን ከተተ። ሦስት ጠጠር ለሦስቱ ጣት አኖረ። በየአንዳንዷ ፊት ሁለት ሁለት ደረደረ። የደረደረውን ቆጠረ።

«ስድስት ልቃቂት» አለ።

«ስድስት። ጠጠሩን ይተዉልኝ።»

በዚያ አገር ልማዱ እንዲህ ነው። አመጣለሁ ያለ ሰው ቁጥሩን በጠጠር ትቶ ይሄዳል። ያለውን ሲያመጣ ጠጠሩን ይወስዳል። ጽሕፈት የለ፣ ክርክር የለ። ዳምጤ ስድስቷን ጠጠር ቅል ውስጥ ጨመረ። ኳ ኳ ሲሉ ጊዜ ሣቀ።

«ይቺ እኮ ከአያ ጓንጉል ጋር የምትጫወቱባት ጠጠር ናት።»

«ነበረች» አለ ቢያዝን። ወጣ።

ነበረች። ሠላሳ ዓመት ተጫውተውባታል። ገበጣው የጓንጉል ነው፤ ከዋንዛ የፈለፈለው ራሱ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ጉድጓድ። ጠጠሩ የቢያዝን ነው፤ ከወንዝ የለቀመው ራሱ ነው፤ ለአንድ ጉድጓድ አራት፣ በጠቅላላው አርባ ስምንት። ከሁለት ክረምት በፊት አንድ ቀን ቢያዝን ተበላ። ክፉኛ ተበላ። ጠጠሩን ሰብስቦ ቆጠረ፤ አርባ ሰባት። ደግሞ ቆጠረ፤ አርባ ሰባት። «አንዷ አንተ ጋ ናት» አለው ጓንጉልን። ሌባ አላለውም፤ ግን ያው ነው። ጓንጉል ተነሣ። ገበጣውን በብብቱ ይዞ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ጠጠር የሌለው ገበጣ፣ ሌላው ገበጣ የሌለው ጠጠር ይዞ ተቀምጧል።

ቢያዝን መንገድ ጀመረ። እንዳይረሳው ለራሱ ያወራል።

«ዳምጤ ያለ ክር ጥለት አልሸምንም አለ። በስድስት ልቃቂት ሦስት ጣት። ሦስት ጣት ሲያይ፣ ጓንጉል እርር ድብን!»

እትዬ የሻረግ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እንዝርት ታሾራለች። ከቢያዝን ጋር እኩያ ናት፤ ምላሷ ከእንዝርቷ ይፈጥናል።

«ቀይ ልቃቂት አለሽ?» አላት።

«አለኝ። ለጓንጉል አራት ሰጥቼዋለሁ።»

«እሱን መች ጠየቅሁሽ?»

«አፍህ አልጠየቀኝም፤ ፊትህ ጠየቀኝ። አንተ ስንት ነው የምትፈልገው?»

«ስድስት።»

«አወቅሁት» አለችና ሣቀች። «ለሁለት ልቃቂት ሦስት ጣሳ ተልባ። ልጄ ወልዳ ተኝታለች። ተልባ አምጪ ትላለች ቀን፣ ተልባ አምጪ ትላለች ማታ። አንተም ተልባ አምጣ።»

ቢያዝን ቁጢጥ አለ። ስድስቱን ልቃቂት በስድስት ጠጠር አኖረ። ሁለት ሁለት አድርጎ አጣመራቸው፤ ሦስት ጥንድ ሆኑ። በየጥንዱ ፊት ሦስት ሦስት ደረደረ። ቆጠረ፤ ዘጠኝ።

«ዘጠኝ ጣሳ» አለ። ከዚያ አላስችለው አለ። «ለ... ለሌላው ሰውዬ ስንት ነበር?»

«ለየትኛው ሰውዬ?»

«ታውቂያለሽ።»

«ለአራት ልቃቂት ስድስት ጣሳ።»

የቢያዝን ፊት ፈካ። ዘጠኝና ስድስት! በሦስት በለጠው! ደስ ብሎት ተነሣ። ጥቂት እንደሄደ ቆም አለ። የበለጠው በመክፈል ነው። ተመልሶ ሊከራከር አሰበና ተወው። የሻረግ ዘጠኟን ጠጠር በቀሚሷ ጫፍ ቋጥራ እየሣቀች ነበር።

«የሻረግ ያለ ተልባ ክር አልሰጥም አለች። ዳምጤ ያለ ክር ጥለት አልሸምንም አለ። በዘጠኝ ጣሳ ተልባ ስድስት ልቃቂት፣ በስድስት ልቃቂት ሦስት ጣት። ሦስት ጣት ሲያይ፣ ጓንጉል እርር ድብን!»

ተልባ ያለው ጎሹ ነው። አውድማው ላይ ቆሞ ተልባውን በነፋስ ያዘራል። ቢያዝን ገና ሰላም ሳይለው፣

«አያ ጓንጉል ስድስት ጣሳ ወስደዋል፤ እርስዎስ?» አለው ጎሹ።

«እሱን መች ጠየቅሁህ? ዘጠኝ።»

«ለሦስት ጣሳ አንድ ማሰሮ ማር። የማኅበር ተራዬ ደርሷል፤ ጠጅ ሳልጥል በምን ፊቴ እቀመጣለሁ?»

«ጣሳው በክምሩ ነው ወይስ እስከ አፉ?»

«እስከ አፉ። ለአያ ጓንጉልም እስከ አፉ ነው የሰፈርኩላቸው።»

«እንግዲያ ለእኔ በክምሩ ይሁን።»

ጎሹ መንሹን ተከለና ተደገፈው። «ጣሳው ከተከመረ ማሰሮውም ይከመራላ። ማር ሲከመር አይተው ያውቃሉ፣ አያ ቢያዝን?»

ቢያዝን አሰበ። አላየም። ዘጠኝ ጠጠር አውጥቶ ሦስት ሦስት አድርጎ ከመረ። ሦስት ክምር። በየክምሩ ፊት አንዳንድ ጠጠር አኖረ። ሦስቷን ለጎሹ ተወለት። ዘጠኟን ወደ ኮረጆው መለሰ። ኮረጆዋ ቀለል ብላለች፤ ልብ አላለም።

«ጎሹ ያለ ማር ተልባ አልሰፍርም አለ። የሻረግ ያለ ተልባ ክር አልሰጥም አለች። ዳምጤ ያለ ክር ጥለት አልሸምንም አለ። በሦስት ማሰሮ ማር ዘጠኝ ጣሳ ተልባ፣ በዘጠኝ ጣሳ ተልባ ስድስት ልቃቂት፣ በስድስት ልቃቂት ሦስት ጣት። ሦስት ጣት ሲያይ፣ ጓንጉል እርር ድብን!»

ንብ አናቢው ዘለቀ መሬት ላይ አልነበረም። ግራር ላይ ወጥቷል። ከበላዩ የንብ መንጋ እንደ ጢም ተንጠልጥሏል።

«ዘለቀ! ማር!» አለ ቢያዝን ከታች።

«ቀፎ!» አለ ዘለቀ ከላይ። «መንጋው ወጥቶ ማደሪያ አጣሁለት! ቀፎ ያላመጣ ሰው ማር አይበላም!»

«ለሦስት ማሰሮ ስንት ቀፎ?»

«ለአንድ ማሰሮ ሁለት! ጓንጉል ለሁለት ማሰሮ አራት ቀፎ አምጥቶልኝ ሞላሁት፣ አልበቃኝም!»

«እሱን መች...» ብሎ ሳይጨርስ አንዲት ንብ ጆሮውን ነደፈችው። ዘለለ። ጆሮውን ይዞ አጎነበሰ። ቀና ሲል የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነበር፤

«ጓንጉልንም ነድፋው ነበር?»

«ኧረ እሱንስ አልነካችውም።»

«አየህ!» አለ ቢያዝን። «እሷም!»

ዘለቀ በገመድ አቁማዳ አወረደለት። ቢያዝን ሦስት ጠጠር ለሦስቱ ማሰሮ አኖረ፣ በየፊታቸው ሁለት ሁለት፤ ስድስት። ስድስቷን አቁማዳው ውስጥ ጨመረ። ዘለቀ ሳበ። ጠጠሯ ወደ ሰማይ ወጣች።

ቢያዝን ጆሮውን እያሸ ሄደ። አንዱ ጆሮው ከሌላው በልጧል።

«ዘለቀ ያለ ቀፎ ማር አልቆርጥም አለ። ጎሹ ያለ ማር ተልባ አልሰፍርም አለ። የሻረግ ያለ ተልባ ክር አልሰጥም አለች። ዳምጤ ያለ ክር ጥለት አልሸምንም አለ። በስድስት ቀፎ ሦስት ማሰሮ ማር፣ በሦስት ማሰሮ ማር ዘጠኝ ጣሳ ተልባ፣ በዘጠኝ ጣሳ ተልባ ስድስት ልቃቂት፣ በስድስት ልቃቂት ሦስት ጣት። ሦስት ጣት ሲያይ፣ ጓንጉል እርር ድብን!»

ቀፎ ሠሪው ልመንህ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። እጁን አጣጥፎ የማያውቅ ሰው ነው።

«ምነው?» አለው ቢያዝን።

«ሸምበቆ አልቆብኝ። የመጨረሻውን ለአያ...» ብሎ የቢያዝንን ፊት አየና ዋጠው። «የመጨረሻውን ለአንድ ሰው አራት ቀፎ ሠራሁበት።»

«ስሙን ጥራው፤ ለምጄዋለሁ።»

«ለአያ ጓንጉል።»

«ስድስት ቀፎ እፈልጋለሁ።»

«ለሁለት ቀፎ አምስት እስር ሸምበቆ ያምጡልኝ። የሚተርፈኝን ለራሴ እሠራበታለሁ፤ ሌላ ዋጋ የለኝም።»

ይህኛው ከበደ። ቢያዝን ስድስት ጠጠር አኖረ፣ ሁለት ሁለት አጣመረ፣ በየጥንዱ ፊት አምስት አምስት መደርደር ጀመረ። መሃል ላይ የልመንህ ዶሮ መጥታ አንዷን ጠጠር እህል መስላት ጠቀጠቀችና ገፋቻት። ቁጥሩ ጠፋ። እንደ ገና ጀመረ። ጥንድ፣ አምስት። ጥንድ፣ አምስት። ጥንድ፣ አምስት።

«ዐሥራ አምስት እስር።»

«ዐሥራ አምስት። ጠጠሩን ይተዉልኝ።»

ተወለት። ኮረጆዋ ከወገቡ ላይ ጨርሳ ሟሸሸች።

«ሸምበቆ ከየት ይገኛል?»

ልመንህ ወንዙን ማዶ ተመለከተ። ማዶ፣ ወንዙ ዳር፣ ሸምበቆ እንደ ጦር ቆሟል። ባለቤቱ አንድ ሰው ነው።

«አይሆንም!» አለ ቢያዝን።

«ኧረ እኔ ስሙን አልጠራሁም።»

«ሁለት ጣት ቢሆንስ?»

«ሁለት ጣት ቢሆን ዐሥር እስር ነው። ዐሥሩም ያው ከእሱ ነው።»

ቢያዝን ወንዙ ዳር ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጓንጉል ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ሸምበቆው በደጁ ነው። እሱ ደግሞ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ወርዷል፤ የወረደበትም ጓንጉል ደጅ ነው። ልመለስ አለ። ሲመለስ ታየው፤ ነጭ ኩታ ለብሶ፣ ከቀይ ጥለት አጠገብ ቆሞ፣ ትርንጎን ሲመርቅ። ተነሣ። ሱሪውን ሰበሰበ። ወንዙን እየተሻገረ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ልመንህ ያለ ሸምበቆ ቀፎ አልሠራም አለ። ዘለቀ ያለ ቀፎ ማር አልቆርጥም አለ። ጎሹ ያለ ማር ተልባ አልሰፍርም አለ። የሻረግ ያለ ተልባ ክር አልሰጥም አለች። ዳምጤ ያለ ክር ጥለት አልሸምንም አለ። በዐሥራ አምስት እስር ሸምበቆ ስድስት ቀፎ፣ በስድስት ቀፎ ሦስት ማሰሮ ማር፣ በሦስት ማሰሮ ማር ዘጠኝ ጣሳ ተልባ፣ በዘጠኝ ጣሳ ተልባ ስድስት ልቃቂት፣ በስድስት ልቃቂት ሦስት ጣት። ሦስት ጣት ሲያይ...»

ቀና አለ። ጓንጉል ከፊቱ ቆሟል።

ማጭድ ይዟል። ሸምበቆ ሲያጭድ ነው የደረሰበት። ሁለት ክረምት አልተነጋገሩም። ለቅሶ ቤት እንኳ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

«እንዴት ዋልክ» አለ ቢያዝን። ዓይኑ ሸምበቆው ላይ ነው፤ ሸምበቆውን ሰላም ያለ ይመስላል።

«ደኅና» አለ ጓንጉል። «ጆሮህን ምን ነካው?»

«ንብ። ሸምበቆ ፈልጌ ነበር።»

«ስንት?»

«ዐሥራ አምስት እስር።»

ጓንጉል ማጭዱን ትከሻው ላይ አደረገ። ጣቱን ማጠፍ ጀመረ። እሱም ፊደል አልቆጠረም፤ ግን መንገዱን በቅርቡ ሄዶበታል።

«ዐሥራ አምስት እስር ሸምበቆ፣ ስድስት ቀፎ። ስድስት ቀፎ፣ ሦስት ማሰሮ ማር። ሦስት ማሰሮ ማር፣ ዘጠኝ ጣሳ ተልባ። ዘጠኝ ጣሳ ተልባ፣ ስድስት ልቃቂት። ስድስት ልቃቂት...» ጣቱ ቆመ። ቀና ብሎ ቢያዝንን አየው። «ሦስት ጣት ጥለት!»

ቢያዝን ዓይኑን ወደ ሸምበቆው መለሰ።

«የእኔ ሁለት ስለሆነ ነው፤ አይደል?»

የቢያዝን ያልተነደፈውም ጆሮ ቀላ።

«ዋጋው ስንት ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ለዐሥራ አምስቱም እስር፣ አንዲት ጠጠር።»

አንዲት! ቢያዝን ጆሮውን አላመነም። እጁን ወደ ኮረጆው ሰደደ።

«ከእነዚያ አይደለም» አለ ጓንጉል። «ወሰድህ ያልከኝን ነው የምፈልገው። እሷን አምጣ፣ ሸምበቆውን ተሸከም።»

«እሷ አንተ ጋ ናት!»

«እኔ ጋ ብትሆን ኖሮ ሁለት ክረምት ባዶ ገበጣ ታቅፌ አልቀመጥም ነበር። እርግጠኛ ነህ? ቆጥረሃል?»

«ስንቴ ቆጥሬያለሁ! ስድስት ዳምጤ ጋ ነው። ዘጠኝ የሻረግ ጋ ነው። ሦስት ጎሹ ጋ፣ ስድስት ዘለቀ ጋ፣ ዐሥራ አምስት ልመንህ ጋ። እዚህ የቀረኝ ስምንት ነው።»

«እንግዲያ በገበጣው እንየዋ። ቆይ» ብሎ ጓንጉል ወደ ቤቱ ዞረ።

ቢያዝን ተናዷል። ኮረጆዋን ፈትቶ ገለበጣት። ጠጠሩ ወረደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስምንት። ይኸው! ያለው ሁሉ ይኸው! በንዴት የኮረጆዋን ቂጥ መታ መታ አደረገ።

ከስፌቱ ውስጥ መጀመሪያ ብናኝ ወረደ። ከዚያ የቆዳ ፍርፋሪ። ከዚያ አንዲት ጥቁር ነገር እግሩ ሥር ጠብ አለች።

ኮረጆዋን ገልብጧት አያውቅም። ሁልጊዜ እጁን ከትቶ፣ እየዘገነ ነው የሚቆጥረው። ሁልጊዜም ሞልታ ነው የምትውለው፤ ዛሬ ግን ሠላሳ ዘጠኝ ጠጠር በየሰው ቤት ዘርቶ መጣ። ሁለት ጣት ቢበቃው ኖሮ ይህን ያህል ባዶ አትሆንም ነበር።

ጓንጉል ገበጣውን ይዞ ሲመለስ፣ ቢያዝን ቀኝ እግሩን አንሥቶ ጠጠሯ ላይ አሳረፈ።

ጓንጉል ገበጣውን ሣሩ ላይ ዘረጋ። በሌላው እጁ ባቄላ ዘግኗል።

«ባቄላው የሄደው ጠጠርህ ነው» አለ። «ስድስት የዳምጤ፣ ዘጠኝ የየሻረግ፣ ሦስት የጎሹ፣ ስድስት የዘለቀ፣ ዐሥራ አምስት የልመንህ።» ቆጥሮ አኖረ። ከዚያ ለየጉድጓዱ አራት አራት ጣለ። ዘጠኝ ጉድጓድ ሞላ። ዐሥረኛው ላይ ባቄላው በሦስት አለቀ። «አሁን ጠጠርህን አምጣ።»

ቢያዝን ካለበት ሳይንቀሳቀስ አጎንብሶ ስምንቱን ሰጠው። ጓንጉል አንዷን ዐሥረኛው ላይ ጨመረ። አራት ዐሥራ አንደኛው ላይ። የቀሩትን ዐሥራ ሁለተኛው ላይ። ሦስት።

«ይኸው» አለ። ጣቱን በመጨረሻው ጉድጓድ ውስጥ አኖረ። «አንድ ጎደለ። እንግዲህ ይቺ ናት እኔ የወሰድኳት።»

ቢያዝን ክብደቱን ወደ ግራ እግሩ አዛወረ።

«እግርህን ምን ሆንክ? እንደ ሽመላ ቆመሃል።»

«ምንም።»

ጠጠሯ እግሩን ትወጋዋለች። እግሩን ካነሣ ጥለቱ ይገኛል፤ ግን ሁለት ክረምት ሙሉ በሰው ስም ላይ የተቀመጠው እሱ መሆኑ ይታወቃል። እግሩን ካላነሣ ስሙ ደኅና ነው፤ ጓንጉል ግን ሌባ እንደሆነ ይቀራል፤ ኩታውም ነጭ እንደሆነ። አሰበ። የጓንጉል ቀይ ጥለት መጣበት። ቅናቱ እግሩን ወደ ታች ጫነው። ዓይኑ ደግሞ ገበጣው ላይ አረፈ። ገበጣው አቧራ የለበትም። ሁለት ክረምት ሰው ያልተጫወተበት ገበጣ፣ ቅቤ ተቀብቶ ያብለጨልጫል። ለማን ብሎ ነው የሚቀባው? 

እግሩን አነሣ።

አጎነበሰ። ጠጠሯን ጠረጋት። ዐሥራ ሁለተኛው ጉድጓድ ውስጥ ጣላት። ኳ አለች። አራት።

«ኮረጆዬ ውስጥ ነበረች» አለ።

ጓንጉል ጉድጓዱን አየ።

«ሁለት ክረምት» አለ።

«ሁለት ክረምት» አለ ቢያዝን።

«ይቅር በለኝ አትልም?»

«እያልኩ ነው።»

«መቼ አልክ?»

«እግሬን ሳነሣ።»

ጓንጉል ሊቆጣ ነበር። አፉም ለቁጣ ተከፍቶ ነበር። ሣቅ ቀደመው። ያቺን አንዲት ጠጠር አንሥቶ በነጠላው ጫፍ ቋጠራት፤ ዋጋው ናት። ስምንቷን ለቢያዝን መለሰለት። ማጭዱን አነሣ።

«ዐሥራ አምስት እስር ነው ያልከው? ያዝ እንግዲህ፣ ቅናታም! ብቻዬን አላስርም።»

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተፈታ። ጓንጉል ጠጠሯን ያዘ፣ ሸምበቆውን ሰጠ። ልመንህ ሸምበቆውን ያዘ፣ ስድስት ቀፎ ሠራ፣ ዐሥራ አምስት ጠጠር መለሰ። ዘለቀ ቀፎውን ያዘ፣ ሦስት ማሰሮ ማር ቆረጠ፣ ስድስት ጠጠር በገመድ አወረደ። ጎሹ ማሩን ያዘ፣ ዘጠኝ ጣሳ ተልባ እስከ አፉ ሰፈረ፣ ሦስት ጠጠር መለሰ። የሻረግ ተልባውን ያዘች፣ ስድስት ልቃቂት ሰጠች፣ ዘጠኝ ጠጠር ከቀሚሷ ፈታች፣ «ጓንጉልስ ደኅና ነው?» አለች፤ ቢያዝንም ለመጀመሪያ ጊዜ «ደኅና ነው» አለ። ዳምጤ ክሩን ያዘ፣ ስድስት ጠጠር ከቅሉ ገለበጠ፣ መወርወሪያውን ወረወረ፣ ምርቃቱን ተቀበለ። ሦስት ጣት ጥለት! ቀይ! 

የሠርጉ ቀን ቢያዝንና ጓንጉል ጎን ለጎን ቆሙ። ትርንጎን መረቁ። ውለዱ፣ ክበዱ አሉ። ሰው አሜን አለ። ሰው ሁሉ ሙሽሪትን አየ። ጥለት የለካ፣ ጣት የቆጠረ አንድም ሰው አልነበረም። ቢያዝን ኩታውን ወደ ፊት ሳበው፣ ወደ ጎን ሳበው፣ ደግሞ ወደ ፊት ሳበው። ማንም አላየለትም።

አንድ ሰው ብቻ አየ።

ምርቃቱ አልቆ ከዳሱ ጀርባ ሲቀመጡ፣ ጓንጉል ዓይኑን ከቢያዝን ጥለት ላይ ያነሣል፤ ዓይኑ ዞሮ ተመልሶ እዚያው ይሄዳል። በመጨረሻ አላስቻለውም። እጁን ዘርግቶ ጣቱን ጥለቱ ላይ አስተኛ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከንፈሩን ነከሰ። ከራሱ ኩታ ላይ ደግሞ ለካ። አንድ። ሁለት። እንደ ገና ለካ፤ ሁለት።

ቢያዝን ሊስቅ ፈለገ፤ አልሣቀም። ኮረጆውን ብቻ ከወገቡ ፈታ።

ጓንጉል ከኋላው ገበጣውን አወጣ። ለሠርግ ቤት ገበጣ ይዞ መጥቷል ሰውዬው! መሃላቸው አኖረውና ጠጠሯን የቋጠረባትን የኩታውን ጫፍ መፍታት ጀመረ።

«በአንድ ጣት በለጥከኝ፤ አይደል?» አለ። «ያቺን አንድ ጣት ዛሬ በገበጣ ባልበላህ እኔ ጓንጉል አይደለሁም። በል አርባ ሰባቱን አፍስስ። አንዷ እኔ ጋ ናት።»